ርካሽ ልብስና የዘወትር ፀጉር በባሕር ዳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቅዳሜ ገበያ፣ ሰልቫጅ ስለሚባለው ልባሽ ልብስና ስለ ፀጉር ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ይኸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ባሕር ዳር ውስጥ ርካሽ ልብስ የት ነው የሚገኘው?

ቅዳሜ ገበያ። ስሙ ቅዳሜ ይሁን እንጂ በሌላውም ቀን ይሸጣል። ቅዳሜ ግን የገጠሩ ሰው ስለሚጨመር መተላለፊያ ይጠፋል። አዲሱ የቻይናና የቱርክ ልብስ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ፣ ሰልቫጁ ደግሞ ሸራ ላይ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። ማምሻውን በየመንገዱ ዳር የሚዘረጋም አለ።

በቴሌግራም ፎቶ እየለጠፉ የሚሸጡም በዝተዋል። አዲስ ልብስ ከሆነ ይሁን። ሰልቫጅ ግን በፎቶ ባትገዙ ይሻላል፤ ጨርቅ የሚታወቀው በእጅ ሲዳሰስ ነው።

የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ላይ ልሂድ?

ምርጫ የፈለገ ጠዋት፣ ዋጋ የፈለገ ማታ ይሂድ። አዲስ ቦንዳ (የታሰረ የሰልቫጅ እሽግ) አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው ጠዋት ነው። ደህና ደህናውን ቸርቻሪዎች ለሱቃቸው ለቅመው ሳይጨርሱ መድረስ ነው ጥበቡ። ደንበኛ የሆናችሁት ነጋዴ ካለ ስልኩን ያዙና "ቦንዳ መቼ ይፈታል?" ብላችሁ ጠይቁት። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ የተረፈውን ጠቅሎ ከመሸከም ቀንሶ መሸጥ ስለሚቀለው እጁ ይፈታል።

የበዓል ሰሞን አትሂዱ። ከእንቁጣጣሽ፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ቀናት ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ተማሪ የሚመረቅበት ሳምንትም ያው ነው። ወፍራም ጃኬትና ሹራብ የምትፈልጉ ከሆነ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ግዙ፤ ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ብርዱ በሚጠናበት ደብረ ታቦር ወይም ጋይንት ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቃል።

ሰልቫጅ መግዛት ክልክል ነው ወይ?

ልባሽ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው። ገበያ ላይ የሚታየው አብዛኛው በኮንትሮባንድ የገባ ነው። ለገዢ የሚተርፈው ጣጣ ይህ ነው፦ ደረሰኝ የለም፣ መመለስ የለም፣ መቀየር የለም። ቁጥጥር ሲጠብቅ ዕቃው ከገበያ ይጠፋል፤ የተገኘውም ይወደዳል። ይህን እያወቃችሁ ግዙ።

ዋጋ እንዴት ልከራከር?

መጀመሪያ ዙሩ። የመጀመሪያው ክምር ላይ ብር አታውጡ። ዓይናችሁ የገባበትን ልብስም ወዲያው አታንሱ፤ ነጋዴ ዋጋውን የሚያነበው ከፊታችሁ ላይ ነው። የሌላ ሁለት ልብስ ዋጋ ጠይቁና በመሃል እንደ ዋዛ "ይሄስ?" በሉ።

"የጠሩትን ግማሽ ብለህ ጀምር" የሚለው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም። ሸራ ላይ ከምሮ "ምረጥ! በአንድ ዋጋ!" እያለ የሚጮኸው ልጅ ብዙም የሚቀንሰው የለውም። እሱ ጋ የሚያዋጣው ብዛት ነው፦ "ወንድሜ፣ ሦስት ልውሰድ፤ በስንት ታደርግልኛለህ?" ተተኩሶ የተሰቀለው ላይ ግን መከራከሪያ ቦታ አለ። ነጋዴዋ 800 ካለች 450 ብላችሁ ጀምሩ፤ 550 ወይ 600 ላይ ትገናኛላችሁ። "ኧረ የኔ እናት፣ ግዢውም አይደለም!" ማለቷ አይቀርም። አትቀየሟት። እንከን ካለው አሳዩ፦ የጎደለ ቁልፍ፣ የላላ ዚፕ፣ የተተረተረ ጠርዝ። ልብሱን ግን አታጣጥሉ። "ይሄም ልብስ ሆኖ?" ላለ ሰው ማንም አይቀንስለትም።

አንድ ደንብ አለ። ዋጋ ጠርታችሁ ሻጩ እሺ ካለ መግዛት ይጠበቅባችኋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጠብ የሚነሳው፦ "ካልገዛህ ለምን ጠራህ?" እውነቱን ነው። ስለዚህ የማትከፍሉትን ቁጥር ከአፋችሁ አታውጡ። ካልተስማማችሁ "ይቅናሽ" ብላችሁ ሂዱ። ከኋላ "ነይ እሺ ውሰጂው!" የሚል ጥሪ ከመጣ መልካም። ካልመጣ የመጨረሻ ዋጋዋ እሱ ነበር፤ ተመልሶ በዚያው መግዛት ነውር የለውም። "ቁርጥ ዋጋ" ብሎ የጻፈ ሱቅ ውስጥ ግን አትድከሙ።

መልበሻ ክፍል የለም፤ ልኬን እንዴት ልወቅ?

በጣም የሚመቻችሁን ሱሪና ሸሚዝ ቤት ውስጥ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ዘርጉ። የሱሪውን ወገብ፣ ዳሌና ቁመት፣ የሸሚዙን ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት በሜትር ለኩ። ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ገበያ ላይ ሜትር አውጥቶ መለካት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ቤት ገብቶ የማይዘጋ ሱሪ ማግኘት ግን ይብሳል። ሴቶች ታይትና ቀጭን ቲሸርት ለብሰው ቢሄዱ ከላይ ደርበው መለካት ይችላሉ።

ሜትር ካልያዛችሁ የአንገት ዘዴ አለ። የሱሪውን ቁልፍ ዝጉና ወገቡን እንደታጠፈ አንገታችሁ ላይ አዙሩት። ሁለቱ ጫፎች ከኋላ ሳይወጠሩ ከተገናኙ ወገቡ ይሆናችኋል። ለዳሌ ግን አይሠራም፤ ዳሌ ሰፊ የሆነች ሴት በዚህ ብቻ ከገዛች ትቸገራለች።

ቁጥሩን ብቻ አትመኑ። ሰልቫጅ ከየአገሩ ስለሚመጣ ቁጥሩም እንደ አገሩ ነው። የሴት ልብስ ላይ የጣሊያን 42 ማለት የፈረንሳይ 38፣ የጀርመን 36፣ የእንግሊዝ 10 ነው። ቻይና የተሠራ ኤል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአውሮፓው ኤም አይበልጥም። ጂንስ ላይ ያለው 30፣ 32 ወገብ በኢንች ነው፤ 30 ኢንች 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ጥሩ ጨርቅ ከመናኛው በምን ይለያል?

ልብሱን ወደ ፀሐይ አንሱና ከውስጥ በኩል ተመልከቱ። የሳሳ ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። በተለይ መቀመጫውን፣ ጭን ከጭን የሚፋተግበትን ቦታና ክርኑን እዩ። ቀጥሎ ብብት፦ ቢጫ የሆነ ወይም የደረቀ ብብት ታጥቦ አይለቅም። አንገትጌውን ገልብጡ። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ላዩ ላይ ትንንሽ ድብልብል ያወጣ ሹራብ አሮጌ መሆኑን ራሱ እየነገራችሁ ነው።

ጥጥ ይሁን ፖሊስተር መለየት ከፈለጋችሁ ከውስጥ ስፌት ዳር አንድ የጨርቁን ክር ምዘዙና ቤት ስትገቡ በክብሪት አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ዶቃ ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ይህን ነጋዴው ፊት አታድርጉት። ለባሕር ዳር ሙቀት ጥጥና ተልባ እግር የሚባለው ሊነን ይመረጣል። ፖሊስተር ሸሚዝ ለብሶ ቀትር ላይ ብስክሌት የነዳ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስተካከል ያዋጣል?

ሱሪ ማሳጠር፣ ጎን ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር ያዋጣል። ትከሻ ማጥበብና ገበር ያለው ኮት መፍታት አያዋጣም፤ ልብስ ሰፊውም ደስ ብሎት አይሠራውም። ስለዚህ ትከሻው ልክ ከሆነ ሌላው ይስተካከላል። ሰፊ ገዝቶ ማጥበብ ይቻላል። ጠባብ ገዝቶ ማስፋት ግን ከባድ ነው፤ የፋብሪካ ስፌት ውስጥ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ እምብዛም የለም። ስትከራከሩ የሰፊውን ሒሳብ በልባችሁ ደምሩ። በ300 ብር የተገዛ ኮት 400 ብር ከተሰፋበት ርካሽ አልነበረም።

ሰልቫጅ በሽታ ያመጣል ይባላል። እንዴት ልጠበው?

ሊመጣ የሚችለው ቅማል፣ እከክና የቆዳ ፈንገስ ነው። ጥንቃቄው ግን ቀላል ነው። ጥጥ ከሆነ 60 ዲግሪ በሚሆን ሙቅ ውሃ ከሳሙና ጋር ዘፍዝፉ፣ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ስፌት ስፌቱን በካውያ ተኩሱ። የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው ስፌት ውስጥ ነው። ሙቅ ውሃ የማይችል ሱፍ ወይም ቆዳ ከሆነ ፌስታል ውስጥ አሽጋችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ቅማልም የእከክ ተባይም ሰው ሳያገኝ ያን ያህል አይቆይም። የውስጥ ሱሪና ካልሲ ግን ሰልቫጅ አትግዙ።

ሽታው አልለቅ ካለ አንድ ሲኒ አቼቶ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፤ ከዚያ በሳሙና እንደገና እጠቡ። አቼቶና በረኪና በፍጹም እንዳይገናኙ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ደግሞም ጣና ዳር ወርዶ ልብስ ማጠብ ይቅርባችሁ። ሳሙናው ለሐይቁ አይበጅም፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያጥብ ሰው ደግሞ ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል።

የሀበሻ ቀሚስ በርካሽ አገኘሁ። የሸማኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጥበቡን ገልብጡት። በእጅ የተሸመነ ጥበብ ከጀርባው የክር ጫፎችና የተሻገሩ ክሮች ይታዩበታል፤ በጣት ሲዳሰስም ከፍ ዝቅ ይላል። የታተመው ግን ጀርባው ደብዛዛ ወይም ነጭ ነው፣ ልሙጥ ነው። የታተመ መግዛት ኃጢአት አይደለም። ለአዘቦት ደህና ነው። በሸማኔ ዋጋ ከሸጡላችሁ ነው ችግሩ።

ባለቀለም ጥበብ ከመግዛታችሁ በፊት ነጭ መሐረብ አርጥባችሁ ቀይና ጥቁሩን ክር ፈተግ አድርጉበት። መሐረቡ ከቀላ መጀመሪያ ስታጥቡት ነጩ ቀሚስ ሮዝ ይሆናል። ጨው ቀለሙን ያስይዘዋል የሚባለው በዘመኑ ክር ላይ አይሠራም።

በየቀኑ የማያስቸግር የፀጉር አሠራር የቱ ነው?

ለሥራና ለትምህርት ሹሩባን የሚያህል የለም። በብስክሌትም በባጃጅም ብትሄዱ ነፋሱ አያበላሸውም። ነጠላ ከላዩ ይረጋል። ዝናብ ቢመታው ይደርቃል። ቀጭኑ የእጅ ሹሩባ ጊዜ ይወስዳል ግን ይቆያል፤ ወፍራሙ ወደ ኋላ የተሠራው በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ይበጠበጣል።

ፍሪዝ ለሚወዱ ተልባ አለ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውሃ አፍሉ፤ እያማሰላችሁ። የእንቁላል ነጭ መምሰል ሲጀምር አውርዱና ትኩስ እንዳለ በንጹሕ ሻሽ አጥሉት። ከቀዘቀዘ አይጠልም፣ እንደ ሙጫ ይሳባል። እርጥብ ፀጉር ላይ እየቀባችሁ በጣት ጠቅልሉ፣ ሳትነካኩት ይድረቅ። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት እየጠፋ ካስቸገረ ጥቂት ጥቂት አፍሉ፤ ቶሎ ይሸታል።

ሹሩባ ስንት ጊዜ ይቆይ? ስፈታው እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይወጣል።

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። ከስምንት አይለፍ። የሚወጣው ፀጉር ብዙዎችን ያስደነግጣል። ጤነኛ ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይጥላል። ሹሩባ ውስጥ ግን የወደቀው ተይዞ ይቆያል። ስድስት ሳምንት ከቆየ ከ2,000 እስከ 4,000 ፀጉር ተጠራቅሞ በአንድ ቀን ወጣ ማለት ነው። ሥሩ ላይ ትንሽ ነጭ ጫፍ ካለው የራሱ ጊዜ ደርሶ የወደቀ ነው። ከመሃል የተቆረጠ አጭር ብጥስጣሽ ከሆነ ግን ድርቀት ወይም አጉል ማበጠር ነው።

ፔስትራ ተሠርቼ ከበር ሳልርቅ ይነሳብኛል። ለምን?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ ምክንያቱ የአየሩ እርጥበት ነው። ፀጉሩ ውስጥ ቅርጹን ይዘው ከሚያቆዩት የማይታዩ ማሰሪያዎች አንዳንዶቹ በሙቀትና በውሃ የሚፈቱ ናቸው። ፔስትራው ይፈታቸውና ቀጥ ብለው እንዲታሰሩ ያደርጋል። እርጥብ አየር ሲመጣ እንደገና ይፈቱና ወደ ተፈጥሯቸው ይመለሳሉ። ሐይቅ ዳር ደግሞ የክረምት አየር እርጥበቱ ለጉድ ነው። ሠሪዋ አላጠፋችም። ክረምቱን በሹሩባ አሳልፉ፤ የፔስትራውን ብር ለጥር ሰርግ አስቀምጡ።

አንዳንዶች በዚህ ተማረው ሪላክሰር (ፀጉርን ቀጥ የሚያደርግ ኬሚካል) ውስጥ ይገባሉ። ሪላክሰር የሚሰብረው የማይመለሰውን ማሰሪያ ነው፤ ስለዚህ የተነካው ፀጉር ተቆርጦ እስኪያልቅ አይመለስም። ራሳችሁን በማበጠሪያ ፎክታችሁ ከነበረ በዚያ ሳምንት አትሠሩ፤ ያቃጥላል። በተነካ ፀጉር ላይ ወዲያው ጠበቅ ያለ ሹሩባ መሥራት ደግሞ ፀጉሩን ከሥሩ መበጠስ ነው። ለሕፃን ልጅ ሪላክሰር? በእኛ በኩል አይሆንም።

ቅቤ ይሻላል ወይስ የሱቅ ቅባት?

ለጋ ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ እርጥበቱ እንዳይተን ይሸፍናል። አያሳድግም፤ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ቅቤም ቢቀባ ያው ነው። ያደገ የሚመስለው ስለማይበጣጠስ ነው። ቅዳሜ ማታ ተቀብቶ፣ ሻሽ አስሮ አድሮ፣ እሑድ መታጠብ ጥሩ ነው። ፎረፎር ካለባችሁ ግን ቅቤም ዘይትም ራስ ቆዳ ላይ አታብዙ። ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ቅባት ይመቸዋል።

ቅቤ ልብስ ላይ ከነካ ውሃ ከመድረሱ በፊት ላርጎ ጠብ አድርጋችሁ እሹት። ከታጠበና ከተተኮሰ በኋላ ሰው አያስለቅቀውም።

ወንዶችስ?

ማሽኑ ይጽዳ፣ ምላጩ አዲስ ይሁን። ቆረቆር በማበጠሪያና በማሽን ይተላለፋል። እናንተ እያያችሁ ምላጩን ከወረቀቱ እንዲያወጣው ጠይቁ፤ ደህና ፀጉር ቆራጭ አይቀየምም።

ሰርግ አለብኝ። ገበያ ልቅደም ወይስ ፀጉር ቤት?

ገበያ። ልብሱ ሳይታወቅ ፀጉር አይመረጥም። አንገቱ ዝግ የሆነ ቀሚስ ወደ ላይ የተያዘ ፀጉር ይፈልጋል፤ ደረቱ ክፍት ከሆነ ለቀቅ ያለው ያምራል። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ግዙ፤ ማጠቢያና ማስጠበቢያ ጊዜ ይኑራችሁ። ሹሩባውን ከሰርጉ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ተሠሩ፤ አዲስ ሹሩባ ግንባር ይወጥራል፣ ሁለት ቀን ሲያድር ፊት ይመለሳል። ካስክና ፔስትራ ከሆነ በዕለቱ ጠዋት፤ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር እንዳላቸው ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ፀጉር ቤት ስትሄዱ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ልበሱ። በራስ የሚወልቅ ቲሸርት ለብሶ የሁለት ሰዓት ሥራ ያፈረሰ የሙሽራ ሚዜ በየሰርጉ አይጠፋም።

የግንባሬና የጆሮ ግንዴ ፀጉር እየሳሳ ነው። ይመለሳል?

እንደ ቆየበት ጊዜ ነው። በብዛት ምክንያቱ መወጠር ነው፦ የጠበቀ ሹሩባ፣ ከባድ የፀጉር ስፌት፣ በየቀኑ በላስቲክ ወደ ኋላ የተሳበ ፀጉር። ሲሠሩ የሚያም፣ ማታ የማያስተኛ፣ ግንባር ዳር ትንንሽ ነጭ ብጉር የሚያወጣ ሹሩባ ጠብቋል። ሠሪዋ "ይለምድልሻል የኔ ቆንጆ" ትላለች። አይለምድም። በዚያው ቀን የፊተኛውን ረድፍ ብቻ እንኳ አስፈቱት።

ገና ሲጀምር ከታወቀ፣ ማለትም በሳሳው ቦታ አጫጭር ለስላሳ ፀጉር እየታየ ከሆነ፣ መወጠሩን ማቆም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ታገሡ። ዳሩን ሳትነኩ ከኋላ ብቻ ተሠሩ፣ ወይም ላላ ያለ ጎንጉን ይሁን። የጉሎ ዘይት መቀባት አይከለከልም፤ እየተወጠረ ላለ ሥር ግን መድኃኒት አይሆንም።

ቆዳው ልሙጥ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ የፀጉር ቀዳዳም ካልታየ፣ ሥሩ ጠባሳ ይዞ ሊሆን ይችላል። ያኔ በራሱ አይመለስም። ክብ ሆኖ የተላጨ የሚመስል፣ የሚያሳክክ ወይም የሚቀረፍ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሁለቱም የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። ለስፌትና ለዊግ ልታወጡት ያሰባችሁትን ብር መጀመሪያ ለካርድ አውጡት፤ ለሐኪሙም በምን ተሠርታችሁ እንደከረማችሁ ሳትደብቁ ንገሩት።